ስሙን ጻፈችለት

የአቃቂ ልጆች ቀለም የለዩት በወንዙ ነው። ከላይ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ቀይ ጨርቅ ያቀለመ ቀን ውሃው ቀልቶ ይወርዳል፤ ሰማያዊ ያቀለመ ቀን ደግሞ ሰማይ ተሰብሮ የገባበት ይመስላል። ልጆቹ ድልድዩ ላይ ተደርድረው፣ እግራቸውን ቁልቁል አንጠልጥለው ያዜሙ ነበር፦

ዛሬ ቀይ ለብሶ ነው፣ ነገ ሰማያዊ፤
ወንዛችን ሙሽራ ነው፣ ልብሱ ዘመናዊ።

ከእነዚያ ልጆች መሀል ድምፅዋ የቀጠነ፣ ዓይኗ የጎላ አንዲት ልጅ ነበረች፤ አስካለማርያም ተስፋሚካኤል። ሌሎቹ ዘፍነው ሲበተኑ እሷ ትቀራለች።

"አባዬ፣ ቀለሙ የት ይሄዳል?"

"ወደ አዋሽ ነዋ" ይላታል አባቷ፣ የጨርቃጨርቅ ሠራተኛው ተስፋሚካኤል።

"ከአዋሽስ?"

"ከአዋሽማ በረሃው ይጠጣዋል።"

"በረሃውንስ አያመውም?"

"እንግዲህ አንቺ አድጊና ንገሪኝ!"

አደገች። መልሱን ይዛ በመጣች ጊዜ ግን "ንገሪኝ" ያላት አባቷ ከአፈር በታች ነበር፤ ለማን ትንገር? እናቷ ብቻ አቃቂ በሰቃ ባለው አሮጌ ቤት፣ ደጃፉ ላይ በተከሉት ኮክ ሥር ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። ዶክተር አስካለማርያም ጠዋት በሠራተኛ ሰርቪስ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወጥታ ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ሲመሽ ወደዚያው ኮክ ትመለሳለች። ሰፈሩ "አስካል" ይላታል። አሮጊቶቹ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው መድኃኒት እንድታዝላቸው ይመጣሉ።

"እትዬ፣ እኔ እኮ የውሃ ዶክተር ነኝ።"

"ውሃም ይታመማል እንዴ? ኧረ ጉድ!" ብለው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ጽሑፍ እንደ ዘፈን ነው። ተቀባይ ካላገኘ በአውጪው አፍ ላይ ይሞታል። አንዱ ተመራማሪ የሌላውን ሥራ አንስቶ "እገሌ እንዳለው" ብሎ ሲጠቅሰው ነው ነፍስ የሚዘራው። ስንት ጽሑፍ አሳተምክ? ስንት ሰው ጠቀሰህ? ማዕረግ የሚሰጠውም የሚነሳውም በዚህ ነው። አስካል በየጠዋቱ ሰርቪሱ ውስጥ ስልኳን ከፍታ የምታየው ይህንኑ ነበር። ሌላው ተሳፋሪ የጓደኛውን ፎቶ ያያል፤ እሷ ማን እንደጠቀሳት ታያለች። ብዙ ጊዜ ማንም የለም። ከጥቂቶቹ ጠቃሾቿም አንዷ ራሷ ነበረች። ሰው በባዶ ሸለቆ ጮሆ የገዛ ድምፁ ሲመለስለት እንደሚደሰተው፣ እሷም ያንኑ አይታ ፈገግ ትላለች።

አንድ ክረምት ፕሮፌሰር ማርተን የሚባል የውጭ ሰው ጻፈላት። በአፈርና በአትክልት ውስጥ የተደበቀን መርዘኛ ብረት፣ ጠብታ የሚያህለውን እንኳ ሳያስቀር የሚያነብ ማሽን አለው። ማሽን እንጂ ወንዝ የለውም። እሷ ወንዝ እንጂ ማሽን የላትም። ተስማሙ። እሷ ናሙና ትሰበስባለች፣ ታደርቃለች፣ ትፈጫለች፣ ትልካለች፤ እነሱ ይለካሉ፤ አብረው ይጽፋሉ። የስም ተራውም ያኔውኑ ታወቀ፦ ከፊት የፕሮፌሰሩ ተማሪ፣ ከኋላ ፕሮፌሰሩ፣ እሷ መሀል። መሀል የገባ ስም እንደ ሚኒባስ መሀል ወንበር ነው። ይደርሳል፤ መስኮት ግን የለውም። ቢሆንም ከመቆም ይሻላል ብላ ተሳፈረች።

ናሙና የሚገኘው በወንዙ ዳር ካሉት የአትክልት ማሳዎች ነው። መጀመሪያ የሄደችው ጣሰው የሚባለው ገበሬ ጋ ነበር።

"አፈሬን ቆንጥረሽ ልትወስጂ?" አለ ጣሰው፣ ውሻውን በሰንሰለት እንደያዘ። "ለምን ሰጠህ ሲሉኝ ምን ልል ነው? ዞር በይ እህቴ፣ ውሻው የተማረ ሰው አይወድም።"

ከጣሰው ማሳ በላይ፣ አንድ የባሕር ዛፍ አጥር አልፎ፣ ቃልቤሳ ጉተማ ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ። በልጅነቱ ይህ ዳገት ሁሉ የአባቱ የጤፍ መሬት ነበር ይባላል፤ አሁን ከወንዙ ጋር የሚተሻሸው ይህቺ ቁራጭ ብቻ ቀርታዋለች። ቆስጣ፣ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር ይዘራባታል።

"ኢንተለ ኮ! ልጄ!" አላት ገና ከአጥሩ ስትደርስ። "የተስፋሚካኤል ልጅ አይደለሽም? አባትሽ ደግ ሰው ነበር። ግቢ፣ ምን ቆመሻል?"

"አባባ፣ ከአፈሩና ከአትክልቱ ትንሽ ትንሽ ብወስድ ይፈቅዱልኛል? ለጥናት ነው።"

"ትንሽ ምን ያደርጋል? ጠቅልለሽ ውሰጂ እንጂ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቃልቤሳ ማሳ የእሷ ላቦራቶሪ ሆነ። በመጣች ቁጥር እሱ ቆፍሮ ይሰጣታል፤ ሚስቱ ዳሲቱ ደግሞ ምርጥ ምርጡን ጎመን በሣር አስራ እቅፏ ውስጥ ታደርግላታለች። "ይቺ ለጥናቱ አይደለችም፤ ለእናትሽ ናት" ትላታለች። ዳሲቱ ብዙ የማትናገር ሴት ናት፤ የምትናገረው በእጇ ነው።

ምሳ ሰዓት ከሆነ ገበታ ይቀርባል። ጎመን በእንጀራ፣ ቀይ ሥር በድንች። አስካል በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብራቸው በላች። ውጤት መምጣት ከጀመረ በኋላ ግን እጇ ከገበታው ቀረ።

"ጨጓራዬ ተነሥቶብኝ ነው" አለች።

"ወይኔ ልጄን! ጎመን ለጨጓራ መድኃኒት ነው፤ ትንሽ ቅመሺ።"

"አይ፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው።"

እነሱ በሉ። እሷ እያየች በሉ። ቃልቤሳ ጠቅልሎ ጠቅልሎ ሲጎርስ፣ ዳሲቱ የሰሃኑን ጥግ በእንጀራ ስትጠርግ፣ አስካል የምታየው ፊታቸውን አልነበረም፤ ማሽኑ የላከላትን ቁጥር ነበር። የዚያ ማሳ ጎመን ውስጥ ካድሚየምና እርሳስ የሚባሉት ብረቶች ሰው ሊበላው ከሚገባው በላይ ነበሩ። የፋብሪካው ቀለም ወደ በረሃ አልሄደም፤ እዚሁ ቅጠል ሆኖ በቅሏል። ለአባቷ ልትነግረው የነበረው መልስ ይህ ነበር።

ልትነግራቸው አንድ ቀን ቆርጣ ሄደች። መንገድ ላይ ቃላቱን ደርድራ፣ አስተካክላ፣ በልቧ አጥንታ ሄደች። ከደረሰች በኋላ ዳሲቱ ጎመኑን አሰረችላት። የሰጠን እጅ እያዩ "የሰጠሽኝ መርዝ ነው" እንዴት ይባላል?

"አባባ... ውሃው ትንሽ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም" አለች።

"ችግር የሌለበት ማን አለ?" አለ ቃልቤሳ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቀ። እሷም ሳቀች። በዚያው ቀረ።

ጽሑፉ ተጽፎ ሊያልቅ ሲል አስካል አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ጠየቀች። በመጨረሻው ገጽ፣ በምስጋናው ክፍል፣ የቃልቤሳ ስም ይግባ።

"የገበሬ ስም አንጽፍም፤ 'ገበሬዎቹን እናመሰግናለን' ብንል አይበቃም?" አለ ፕሮፌሰሩ፣ ኔትዎርኩ እየቆራረጠው።

"በእኛ አገር የሰጠህን ሰው ስሙን ሳይጠሩ ማመስገን ስድብ ነው። ይህ ሰው ማሳውን ከፍቶ ሰጥቶናል። ስሙ ይጻፍ።"

"እሺ፣ አገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ" አለ።

ስሙ ተጻፈ። ስሙ ብቻም አይደለም፤ ማሳው ያለበት ቦታ ጭምር፦ "በአቃቂ ወንዝ ዳር ከሚገኘው ማሳቸው ናሙናዎቹን በነጻ ለሰጡን ለአቶ ቃልቤሳ ጉተማ ምስጋናችን የላቀ ነው።" እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ በፍቅር የተጻፈችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ጽሑፉ ወጣ። የውጭ ሰዎች ወዲያው ያነሱት፣ ይጠቅሱት ጀመር። ከሕንድ ጠቀሱት፣ ከቻይና ጠቀሱት፣ ከናይጄሪያ ጠቀሱት። ስልኳ በየጠዋቱ አዲስ ስም ያሳያታል። ሰርቪሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች ያህል ልቧ በራ። የመጨረሻውን ገጽ አትማ ለቃልቤሳ ወሰደችለት።

"ይኸው ስምዎ፣ አባባ። በዓለም ሁሉ ይነበባል።"

ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለው። ማንበብ አይችልም፤ የእንግሊዝኛ ፊደልማ ለእሱ የጉንዳን መንገድ ነው። በጣቷ ያሳየችውን ቦታ ግን ልቡ ላይ ጻፈው። "ዳሲቱ! ነይ! ስሜ ፈረንጅ አገር ሄዷል!" በማግስቱ በሰቃ ወርዶ፣ ታጁ ፎቶኮፒ ቤት ገብቶ በላስቲክ አስለበጠው። ከፍሎ ሊሄድ ሲል ታጁ "አባባ፣ ለእንዲህ ያለ ክብር ምንም አልቀበልም" ብሎ መርቆ ሸኘው። ቃልቤሳ ያንን ገጽ ነጋዴዎች አትክልት በሚረከቡበት ዳስ፣ ግንዱ ላይ፣ በአራት ምስማር መታው። ሌላው ሰው የንግድ ፈቃድ ይሰቅላል፤ እሱ ይህን ሰቀለ።

ከነጋዴዎቹ አንዷ ዲንቄ ናት፤ በሰቃ ጉሊት ላይ ጎመን የምትሸጥ፣ አፏ እንደ ምላጭ የሆነ፣ በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ ሙሾ የምታወርድ። እሷ ግጥም ያወጣችለት ሟች በደንብ ተለቀሰለት ይባላል።

"ቃልቤሳ፣ ዲፕሎማ ያዝክ እንዴ?" ትለዋለች።

"ዲፕሎማማ ወረቀት ነው። ይኼ ምስጋና ነው!"

እንዲህ እየተሳሳቁ፣ እንዲህ እየተመሰጋገኑ ሰነበቱ። ከዚያ ቤኪ መጣ። ቤኪ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሥራ አጥቶ፣ በዳማስ መኪና ለቃሊቲ ሆቴሎች አትክልት የሚያደርስ ጎልማሳ ነው። ያን ቀን ዕቃው እስኪጫን ድረስ ግንዱን ተደግፎ ቆመ። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ አረፈ። አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"አባባ፣ ይሄን ማን ነው የሰቀለው?"

"እኔ ነኛ! ስሜ አለበት፣ አላየኸውም?"

"ስምዎትማ አለ። ከስምዎት በላይ ያለውን ማን አነበበልዎት?"

"ምን ይላል?"

ቤኪ ዳሲቱን አያት። ወንዙ ዳር ተንበርክካ ጎመን እያጠበች ነበር።

"የዚህ ማሳ አትክልት መርዝ አለበት ይላል። ለረጅም ጊዜ የበላው ኩላሊቱን ይጎዳዋል ይላል። ልጆች እንዳይበሉት ይላል። ከዚያ ሥር ደግሞ እርስዎን ያመሰግናል።"

ዲንቄ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ሞከረች። "እኛ እኮ ለድሃ ነው የምንሸጠው፤ ድሃ ደግሞ አይመረዝም!" አለች። ማንም አልሳቀም። ቤኪ የተጫነለትን አንድ በአንድ አወረደው። "ይቅርታ አባባ፤ እኔ ለሆቴል ነው የማስረክበው" አለ። ዓይኑን ሰብሮ ዳማሱን አስነሳ።

ቃልቤሳና ዳሲቱ ያን ዕለት ከሰዓት አስካል ቤት ሄዱ። እናቷ ከውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ነበር። አስካል ወንበር አቀረበች። ዳሲቱ አልተቀመጠችም።

"ለእናትሽ ብዬ የሰጠሁሽ ጎመን" አለች፣ "እናትሽ በላችው?"

አስካል ወንበሩን እንደገና ወደ ዳሲቱ ገፋ አደረገች። ከውስጥ ግን የእናቷ ድምፅ መጣ፦ "የምን ጎመን? ለእኔ አንድም ቀን ጎመን አላመጣችልኝም!"

ዳሲቱ ወደ ባሏ ዞረች። "ሰማህ፣ ቃልቤሳ? ለእናቷ ፈራች።" ከዚያ ወደ አስካል፦ "ጨጓራም የለብሽም።"

"ዳሲቱዬ፣ ልነግራችሁ..."

"ስንበላ ታዪን ነበር" አለች ዳሲቱ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

ቃልቤሳ እጁን አነሣ። "ይሁን። የሆነው ሆነ። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ ልጄ። ስሜን አውጪው። ውሃው የሁሉም ነው፤ ከላይ ያለውም ከታች ያለውም በዚሁ ነው የሚያጠጣው። የተጻፍኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ስሜ ከወጣ እንደ ሰዉ እሆናለሁ። ከሌላው እኩል እሆናለሁ። ሌላ ምንም አልልሽም።"

"አወጣዋለሁ አባባ። በአባቴ አፈር!"

እውነቷን ነበር። ዋል አደር ሳትል ጻፈች። ፕሮፌሰሩ አዘነ፤ ከልቡ አዘነ። ነገር ግን የታተመ ነገር በዝምታ አይነካም አላት። አንድ ቃል ቢቀየር እንኳ ምን እንደተቀየረ የሚናገር ማረሚያ በይፋ መታተም አለበት፤ የሳይንስ ሕጉ ይህ ነው፤ አለዚያ ጽሑፉን ማን ያምነዋል? ማረሚያውን የጠየቀችው እሷ ስለሆነች፣ ጥያቄ ያለው ሰው የሚጽፍላት ዋና ተጠሪም እሷ ትሆናለች።

የማረሚያው ረቂቅ የደረሳት ሰርቪስ ውስጥ ነበር፣ ቃሊቲ ማሠልጠኛ አካባቢ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ሲንፏቀቅ። ከፈተችው። መጀመሪያ ያየችው የራሷን ስም ነው። ከፊት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከመሀል ወንበር ወጥቶ፣ ከፊት። በዚያው ሰሞን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያመለከተችበት ፋይል ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልቧ ሞቅ አለ፤ ከስሟ በታች ያለውን ሳታነብ "ተስማምቻለሁ" የሚለውን ነካች። መንገዱ ተከፈተ፤ ሰርቪሱ ነጎደ።

ማረሚያው እንዲህ ይል ነበር፦ "በምስጋናው ክፍል የተጠቀሱት፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር ጥናቱ በተደረገበት ማሳ ላይ አትክልት የሚያመርቱት አቶ ቃልቤሳ ጉተማ፣ በራሳቸው ጥያቄ ስማቸው እንዲወጣ ተደርጓል።"

ዋናውን ጽሑፍ ለማንበብ መክፈል ያስፈልግ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያነበበው ከስንት አንድ ነው። ማረሚያ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በነጻ ነው። አንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም አዘጋጅ አገኘውና በጠዋት፣ ሰው ሁሉ ታክሲ ውስጥ ባለበት ሰዓት አነበበው። "እንግዲህ አድማጮቻችን" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ንጹሕ ሰው ስሜ ይውጣልኝ ብሎ ለምን ይለምናል?"

ሚኒባሶቹ ያንን ድምፅ ይዘው ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ ተበተኑ። የፋብሪካ ሠራተኞች በፈረቃ መኪናቸው ውስጥ ሰሙት። በሰቃ ጉሊት ላይ ገዢ ሁሉ ጎመኑን ገልበጥ አድርጎ "የቃልቤሳ እንዳይሆን!" ማለት ጀመረ።

"የጣሰው ነው፣ የጣሰው!" ትላለች ዲንቄ። የቃልቤሳን ዳስ ትታ ወደ ታች አጥር ተሻግራለች። ምን ታድርግ? ጉሊቷ ላይ የሚቆመው ገዢ ያንን ነው የሚጠይቃት። ጣሰው ከቃልቤሳ ማሳ በሚወርደው በዚያው ውሃ ያጠጣል፤ ቃልቤሳ አጥቦ የለቀቀው ነው ለጣሰው የሚደርሰው። ሆኖም ጣሰው ባሕር ዛፉ ሥር ቆሞ፣ የጎመን ሸክም እያስጫነ፣ ወደ ላይ ይጮሃል፦

"ቃልቤሳ! የእኔ ስም የለበትም እኮ! ፈልጌው አጣሁት! አንተን ግን ፈረንጅ ያመሰግንሃል አሉ!"

ውሻውም አብሮ ይጮሃል።

የወረዳው ሰዎች ከዚያ መጡ። የሕዝብ ጤና ነው አሉ፤ ተነግሮ ዝም ማለት አይቻልም አሉ። የትኛው ማሳ እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ ተጽፏል። ቆስጣው ተነቀለ፣ ጎመኑ ታጨደ፣ ሰላጣው በዶማ ተገለበጠ፤ ሁሉም ተከምሮ ኖራ ተነሰነሰበት። ዳሲቱ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አየች። ቃልቤሳ ግን አብሯቸው ነቀለ። "ቀይ ሥሩ ጥልቅ ነው፤ እናንተ አታውቁበትም" ብሎ፣ ተንበርክኮ፣ በእጁ እየቆፈረ አወጣላቸው። ሲጨርስ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ነበር። ወደ ወንዙ ወርዶ ታጠበ። ያን ቀን ውሃው የጠራ ነበር፤ ወንዝም ያላግጣል።

አስካል ሰምታ እየሮጠች ስትደርስ የኖራው ብናኝ እንኳ አልረገበም።

"ስምዎን አስወጥቼ ነበር፣ አባባ" አለች። "አወጣሁት እኮ!"

"አዎ፣ ሰማሁ" አለ ቃልቤሳ። "በሬዲዮ ወጣ።"

ትከሻው አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ በኋላ ማንም ሲንቀጠቀጥ አላየውም። ባዶው ማሳ ጫፍ ላይ፣ የተረሳ ማስፈራሪያ መስሎ፣ በየቀኑ ይቀመጥ ጀመር። ምግብ አስጠላው። ፊቱ አበጠ፤ እግሩ አበጠ። ሐኪም ቤት ኩላሊቱ ነው አሉ። ከጎመኑ ይሁን ከኀዘኑ ማንም አልለካም፤ ለዚያ ማሽን የለም። ክረምቱ ሳይገባ አረፈ።

በቀብሩ ሳምንት አስካል ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነች። ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ነው ወደ ለቅሶው ድንኳን የገባችው። ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ መሀል፣ ከኋላ ተቀመጠች። ዳሲቱ አየቻት፤ እንዳላየ ሰው ዓይኗን አሳለፈቻት። ዲንቄ ተነሣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ደረቷን መታች። በእኛ ለቅሶ ሙሾ የሚወርድባት ሰው መልስ የላትም። ጽሑፍን በጽሑፍ ይመልሱታል፤ ሙሾን ግን አንገት ደፍቶ መስማት ብቻ ነው።

ወንዙማ ዝም አለ፣ ፋብሪካው ዝም አለ፤
ስሙ የተጻፈው፣ ብቻውን ከሰለ።

ሴቶቹ "ዋይ! ዋይ!" ብለው ተቀበሏት። ዲንቄ ዞረች፤ ከኋላ ያለችውን እስክታገኛት ድረስ በዓይኗ ፈለገቻት። ስታገኛት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

ጎመኑን ቢሰጣት፣ ስሙን ጻፈችለት፤
የአስካል ምስጋናዋ፣ ጉድጓድ ቆፈረለት።

ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ። ደረት ተመታ። ሌላዋ ሴት ተቀብላ ደገመችው፤ ሌላዋም። ጣሰው ሳይቀር ከወንዶቹ በኩል ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ፤ እንባው እውነተኛ ነበር። አስካል አንገቷን ደፍታ ሰማች። ግጥሙ ሲያልቅ እንደገና ሲጀመር፣ ሲያልቅ እንደገና ሲጀመር፣ እስኪደክማቸው ሰማች። ከዚያ ዲንቄ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ላቧን እየጠረገች ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

"አይክፋሽ አስኩ" አለቻት በሹክሹክታ። "ሟቹን ሳስብ ግጥሙ ራሱ መጣ። ቤት መምታቱን አየሽልኝ?"

ጥሩ ግጥም እግር አያስፈልገውም። ከዚያ ድንኳን ወጥቶ በሰቃን አዳረሰ፤ ሰው ከሰፈር ሰፈር ሲለቅ አብሮ ለቀቀ። ደግነቱ ለከዳው ሰው፣ አሳድጎ ለተረሳ፣ አበድሮ ለተጠላ ሁሉ ይባል ጀመር። የአስካል ጽሑፍም በበኩሉ አላረፈም። በየአገሩ ይጠቀሳል፤ ስልኳ በየጠዋቱ ይነግራታል። ፕሮፌሰር ማርተን በአንድ የእንኳን ደስ አለሽ መልእክቱ ላይ ቀልዶ ነበር፦ "ከሚጠቅሱን ሰዎች ስንቱ አንብቦን ይመስልሻል? አይተውት ያልፋሉ፤ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል።" እሷ ስልኳን ማየት ትታለች። ከሰርቪሱ መሀል ወንበር ላይ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

በቅርቡ የሥራ ባልደረባዋ እናት አርፈው ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ደረሰች። ኮንዶሚኒየሙ መሀል፣ ብሎኮቹ በከበቡት ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል። ሟቿ ልጆች አሳድገው በልጆቻቸው የተገፉ ሴት ነበሩ። የማታውቃት አንዲት ወጣት ተነሥታ፣ ድምፅዋን ሞርዳ፣ ደረቷን መታች፦

ጎመኑን ቢሰጣት፣ ስሙን ጻፈችለት፤
የአስካል ምስጋናዋ፣ ጉድጓድ ቆፈረለት።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁሉም ያውቁታል። የአስካል ከንፈርም ሳይታወቃት አብሮ ተንቀሳቀሰ።

ሲበተኑ ወጣቷ እጅ እያስታጠበች አጠገቧ ደረሰች።

"እህቴ" አለች አስካል፣ "ያቺ አስካል ያልሻት ማን ናት?"

"እኔ እንጃ! ማን ያውቃታል?" አለች ልጅቷ፣ ውሃውን እያንቆረቆረችላት። "ግጥም ነው እንጂ። ሁሉም ለቅሶ ላይ ይባላል።" ፎጣውን አቀበለቻት። "እርስዎንስ ለባለቤቶቹ ማን መጥተው ነበር ልበላቸው?"

አስካል እጇን አደረቀች። ፎጣውን አጥፋ መለሰችላት።

"ጎረቤት" አለች።